ኳሷ መሬት ከነካች

ኦርቪል ትራመል ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ኳስ እንዳይጥል ሲያስተምር ኖሮ፣ ጡረታ ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው ራሱ ጣላት። የጣላትም ተደብቆ አይደለም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በወላጆች ቀን፣ የሩስተር ፍላት ሕዝብ ግማሹ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ መጥቶ ሜዳው ዳር ተደርድሮ እያየ ነው።

በየዓመቱ ከትልቁ ግጥሚያ በፊት ባለው ሰኞ ኦርቪል ኳስ እንዴት እንደሚያዝ ለወላጆች ያሳያል። አሳየን ያለው የለም፤ እሱ ግን ያሳያል። ወላጆቹ ትምህርቱን በቃላቸው ይዘውታል፤ ግማሾቹ በልጅነታቸው እሱ ራሱ እየጮኸባቸው የተማሩት ነው።

"ከደረት በላይ ከመጣች አውራ ጣቶች ይነካካሉ!" ይላል። "ከሆድ በታች ከመጣች ትንንሾቹ ጣቶች ይነካካሉ! መዳፍ ለጭብጨባ ነው፤ ኳስ የሚይዘው ጣት ነው! ከያዝክ በኋላ አራት ቦታ ቆልፍ። ጫፏን በጣትህ፣ ሆዷን በክንድህ፣ ጀርባዋን በጡንቻህ፣ ጎኗን በጎድንህ!" ስሙ የአሜሪካ እግር ኳስ ይባል እንጂ ጨዋታው እግርን ከመሮጥ በቀር ለብዙ ነገር አይፈልገውም። ሞላላዋን ኳስ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከቦርጩ ጋር ሲያጣብቃት፣ ከዚያ የሚያወጣት ጉልበት በምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ ያለ አይመስልም።

የዚያን ዕለት ኳሷን ለተሊ ሃቼት ሰጠውና "ወርውርልኝ። እኔ ወደ ሰው እያየሁ እይዛታለሁ" አለ። ጉራ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ተሊ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ሲሮጥ መሬቱ ይሰማዋል፤ እጁ ግን ኳስ የሚጠላ እጅ ነው። ትልቅ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ከፊት ሰው እንዲገፋ ብቻ ያቆሙትና ኳስ ሳይነካ ይመረቅ ነበር። የሩስተር ፍላት ትምህርት ቤት ግን ተማሪው በጠቅላላው ሠላሳ አንድ ስለሆነ የሚጫወተው በስድስት በስድስት ነው። በስድስት ሲሆን ደግሞ ከወፍራም እስከ ቀጭን ሁሉም ኳስ መቀበል ይፈቀድለታል። ለተሊ ይህ ፈቃድ ሳይሆን ቅጣት ነበር።

ተሊ ወረወረ። ደህና አድርጎ፣ ለስለስ አድርጎ ነው የወረወረው። ኦርቪል ፊቱን ወደ ወላጆቹ አዙሮ "ዋናው ዓይን ነው! ዓይናችሁን ከኳሷ ላይ እንዳት..." ሲል ኳሷ ደረቱን ጧ አድርጋ መታችው፣ ቦርጩ ላይ ነጠረች፣ ከእግሩ ሥር ሣር ላይ ተንከባለለች።

ከሁለተኛው ረድፍ የሚስቱ የኔልዳ ድምፅ መጣ። "ኦርቪል፣ ወደቀች እኮ።"

"አይቻለሁ!" አለ ኦርቪል።

"አላየሃትም እንጂ። ብታያት መች ትወድቅ ነበር።"

ሳቁ ያኔ ፈነዳ። ከሳቁ መሀል አንዱ "ሕጉ! ሕጉስ?" ብሎ ጮኸ፤ ሌላውም ተቀበለው።

ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። በልምምድ ላይ ኳስ የጣለ ሰው እስከ ዓርብ ግጥሚያ ድረስ ያቺኑ ኳስ ታቅፎ ይዞራል፤ ክፍል ቢሆን፣ ሱቅ ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን። ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌም ይሁን ነፍሰ ጡር፣ ኳሷን ከብብቱ መትቶ የማስጣል መብት አለው። ኳሷ መሬት ከነካች ታቃፊው ዓርብ ሜዳ አይወርድም፤ ከተመልካች ጋር ቁጭ ብሎ ያያል። ኳሷ የምታርፈው ሲተኛ፣ መኪና ሲነዳና ሽንት ቤት ሲገባ ብቻ ነው። ተሊ በዚያ ዓመት ከስምንት ሳምንት ስድስቱን ኳስ ታቅፎ ነው ያሳለፈው፤ አንዴም የገዛ እናቱ ቁርስ ላይ መታ አስጥላበታለች። ልጁ "ኮች፣ ቤት ውስጥ እኮ ነው፤ ቤት አይቆጠርም" ብሎ ቢለምን ኦርቪል "ኳስ ቤትና ደጅ አትለይም" ብሎ አስቀምጦታል።

ይኸው አሁን ተሊ ኳሷን ከሣሩ ላይ አነሣ፤ በሸሚዙ ጠረጋትና በሁለት እጁ ለአሰልጣኙ አቀረበለት። "የርስዎ ናት፣ ኮች" አለ። ልጁ አልሳቀም። የቀሩት ስምንቱ ግን መሬት ላይ ሊንከባለሉ ምንም አልቀራቸውም።

ኦርቪል "እኔ አሰልጣኝ ነኝ፤ አይመለከተኝም" ማለት ይችል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ዘጠኙ ልጆች ምን ይል ይሆን ብለው አፉን አፉን ያያሉ። ኳሷን ተቀበለና ብብቱ ሥር ሸጎጣት።

ውስጡ ግን ፈርቷል። ዓርብ የሚገጥሙት የካርቨር ዌልስን ቡድን ነው። ካርቨር ዌልስ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ አሸንፏቸዋል፤ ይህ ደግሞ የኦርቪል የመጨረሻ ግጥሚያ ነው። ኳሷ ከወደቀች የመጨረሻ ግጥሚያውን ሜዳው ጠርዝ ቆሞ አይመራውም፤ የሚመራው ረዳቱ ፔቲግሩ ይሆናል። ፔቲግሩ የሂሳብ መምህር ነው፤ ረዳት የሆነውም ፊሽካ ያለው ሌላ ወንድ መምህር ስለሌለ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ ፈርን ሱቅ ገባ። እማማ ፈርን ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ከከፍተኛ ወንበራቸው ሳይወርዱ ከተማውን ያስተዳድራሉ።

"ኦርቪል ልጄ፣ ጌታ ነው ያመጣህ" አሉት። "እስቲ ከላይ ያለውን የኪያር ማሰሮ አውርድልኝ። ከባድ ነው ታዲያ፤ በሁለት እጅህ ያዘው።"

ኦርቪል በአንድ እጁ አወረደው። እማማ ፈርን ቅር እያላቸው ማሰሮውን ተቀበሉና ለካስ በሌላው እጃቸው ከዘራ ይዘው ኖሯል፤ ጎድኑን ሻጥ አደረጉት።

"እማማ ፈርን! ጎኔን ወጉኝ እኮ!"

"ጎንህን ማን ፈለገው? ኳሷን ነው የፈለግሁት።"

"ምን በደልኩዎት?"

"የልጄን ልጅ ስንት ዓርብ አስቀመጥከው? ሰባት። እኔ ቆጥሬያለሁ፤ አንተ ረስተሃል።"

ኦርቪል ከሱቁ ወጥቶ አስፋልቱን ሲሻገር ነው የተገለጠለት። በዚህ ከተማ አንድ ቀን ዘመዱን ያላስቀመጠበት ቤት የለም። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቅ ካለበሰው በኋላ ማጅራቱ ላይ በረዶ ውሃ አፈሰሰበት። ነዳጅ ቀጂው ጫማህ ተፈቷል አለው። የትምህርት ቤቱ ነርስ እንኳ፣ ለሰላሳ ዓመት ሰላምታዋ ጨዋ የነበረች ሴት፣ የደም ግፊት ልለካህ ብላ ትክክለኛውን ክንድ ትታ ኳሷ ያለችበትን ክንድ ሳብ ሳብ አደረገችው። ሕዝቡ ለካ ፈገግ እያለ ነው ቂም የቋጠረው።

ረቡዕ ማታ የጸሎት ጉባኤ ነበር። ወንድም ሊላንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሰባኪ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ግን የኦርቪል ተጫዋች ነበር፤ በመጨረሻ ዓመቱ በካርቨር ዌልስ ግጥሚያ ኳስ ጥሎ ተቀምጧል። ይህን ጉዳይ ለጌታ አስረክቦታል ተብሎ ይታመን ነበር።

"ወገኖቼ፣ ዛሬ ሁለት እጃችንን ወደ ሰማይ አንሥተን እንዘምር" አለ ወንድም ሊላንድ።

ምእመናኑ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያች ቤተ ክርስቲያን፣ ከተመሠረተች ጀምሮ፣ ጥያቄ ያለው ሰው ካልሆነ በቀር እጁን ያነሣ የለም። አሮጊቶቹ ቦርሳቸውን አስቀምጠው እያፈሩ አነሡ። ሰባኪው ዓይኑን ከኦርቪል ላይ አልነቀለም። "ሁለቱንም እጅ፣ ወንድም ኦርቪል።"

ኦርቪል ምን ያድርግ? አንዱን እጁን ባዶውን አነሣ፤ ሌላውን ኳሷን በጣቶቹ ጨብጦ አነሣ። መዝሙሩ አምስት አንቀጽ አለው። በሁለተኛው አንቀጽ ክንዱ ተቃጠለ። በሦስተኛው ተንቀጠቀጠ። ወንድም ሊላንድ ፊቱ እያበራ "ሦስተኛውን እንድገመው!" አለ።

ያኔ ከጎኑ የቆመው ተሊ፣ እየዘመረ እንዳለ፣ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። "ኮች፣ አይጭመቋት። ሲጨምቋት ነው ክንድ የሚሞተው። በጣትዎ ጫፍ ላይ ብቻ ትቀመጥ፤ ደግሞ ይተንፍሱ።"

ኦርቪል ጣቶቹን አላላ። እውነትም ኳሷ ቀለለች። ሠላሳ አራት ዓመት "ጨምቃት! አንቀህ ያዛት!" እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው፣ ኳስ ለረጅም ጊዜ የሚያዘው ሳይጨመቅ መሆኑን ከተሊ ሃቼት ተማረ።

ሲወጡ "ለምን ረዳኸኝ?" አለው። "አንተን እኮ ከሁሉ አብልጬ ነው ያስቀመጥኩህ።"

"እርስዎ ከተቀመጡ መምህር ፔቲግሩ ናቸው የሚመሩን" አለ ተሊ። "ሰኞ አንድ ዘዴ አሳዩን፤ አስረድተው ሲጨርሱ 'ኳሷ የት እንዳለች ፈልጉ፤ የደረሳችሁበትንም መንገድ አሳዩ' አሉን።"

ኦርቪል ሐሙስ ልምምድ ላይ እንደ ልማዱ ኳስ መወርወር አልቻለም፤ ብብቱ ተይዟል። ወርዋሪው ፔቲግሩ ሆነ። ኦርቪል ሥራ ፈትቶ ከመቆም ብሎ ከተሊ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። በዚህ ቅርበት ቆሞ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከሃያ እርምጃ እየወረወረ "እጅህ! እጅህ!" እያለ ነው የሚጮኸው።

ኳሷ መጣች። የተሊ እጆች በትክክል ወጡ፤ አውራ ጣቶቹ ተነካኩ። ኳሷ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ልጁ ዓይኑን ጭፍን አደረገ። ኳሷ መዳፉን መትታ ወደቀች። እንደገና ተወረወረለት፤ እንደገና ጨፈነ። ሦስተኛም እንደዚያው።

ኦርቪል ፔቲግሩን በእጁ ምልክት አስቆመው። "ልጄ፣ ዓይንህን ለምን ትጨፍናለህ?"

"እኔ? አልጨፍንም፣ ኮች።"

"ትጨፍናለህ። አሁን አይቼሃለሁ። ኳሷን ትፈራለህ እንዴ?"

ተሊ ጫማውን አየ። ያ ሁሉ ቁመት ማጠር ያማረው ይመስል ትከሻውን ሰበሰበ። "ኳሷንማ ምን እፈራታለሁ" አለ በመጨረሻ። "እርስዎ ሊጮሁ ስለሆነ ነው። ኳሷ ስትቃረብ ጩኸትዎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሳላስበው ይጨፈናል።"

ኦርቪል አፈረ። ከሰኞው ውርደት ይልቅ ይህ ነው ያሳፈረው፤ የሰኞው ሰው ፊት ነው፣ ይህኛው ግን ከገዛ ራሱ ጋር ነው። ስድስት ሳምንት ልጁን ኳስ ያሳቀፈው የልጁ እጅ ሳይሆን የእሱ አፍ ኖሯል። ስንቱን ልጅ እንዲህ አድርጌ ይሆን ብሎ አሰበና፣ ቁጥሩን እማማ ፈርን ሳያውቁት እንደማይቀሩ ገመተ።

"ፔቲግሩ፣ ነጭ እርሳስህን አምጣ" አለ።

በእያንዳንዱ ኳስ ጫፍ ላይ ቁጥር አስጻፈ፤ ሦስት፣ ሰባት፣ አምስት። "ተሊ፣ ያዛት አልልህም። ብትወድቅም ምንም አይደል። ኳሷ ስትመጣ ቁጥሯን ብቻ አንብብልኝ። በዝግታ፤ እኔ ብቻ እንድሰማው።" ከዚያ ለማንኛውም ብሎ የላብ መጥረጊያ ፎጣውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ።

የመጀመሪያዋ ኳስ ወደቀች። ኦርቪል ፎጣውን ነከሰ። ሁለተኛዋም ወደቀች፤ ነገር ግን ተሊ "ሰባት" አለ። አራተኛዋ ላይ "አምስት" አለና ቆም ብሎ እጁን አየ። ኳሷ እጁ ላይ አለች። ድምፅ እንኳ አላሰማችም፤ መዳፉን ሳትነካ ጣቱ ላይ ነው ያረፈችው። ልጁ የሰው ዕቃ እጁ ላይ የተገኘበት ሰው ይመስል ዙሪያውን ቃኘ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከአሥር ስምንቱን ያዘ። ኦርቪል ፎጣውን ሲያወጣው ተበስቷል።

እራት ላይ ነገሩን ለኔልዳ አጫወታት። ኔልዳ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ነድታለች፤ የባሏን ቡድን በሜዳውም በሰው ሜዳም ያላየችበት ግጥሚያ የለም።

"ስለዚህ ነገ አልጮህም" አለ ኦርቪል፣ በግራው እየጎረሰ።

ኔልዳ ሹካዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "አንተ? በካርቨር ዌልስ ቀን?"

"ምዬ ነው የምልሽ!"

"ይኸው አሁን ራሱ እየጮህክ ነው።"

ዓርብ ደረሰ። ኦርቪል አራት ቀን ሙሉ ኳሷን ሳይጥል ቆይቷል፤ እንዲያውም ማቀፉን ወዶታል። ከከዘራም ከበረዶ ውሃም ከመዝሙርም ተርፏል። አሥር ሰዓት ላይ ቆቡን አደረገ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ ኳሷን ሸጎጠና ወደ ወጥ ቤት ወጣ። ኔልዳ ቁልፏን ይዛ እየጠበቀችው ነበር።

"ቆይማ፣ ኮሌታህ ተጣጥፏል" አለችው። ቀረብ ብላ በሁለት እጇ ኮሌታውን አስተካከለች። ጉንጩን ሳመችው። እሱም ልቡ ስለራራ ክንዱን ፈታ አደረገ።

ከታች ወደ ላይ፣ በጡጫ፣ ልክ የኳሷ ጫፍ ላይ መታቻት። እሱ ራሱ ለተከላካዮቹ እንደሚያስተምረው ማለት ነው። ኳሷ ከብብቱ ወጥታ ወለሉን መታች፣ ነጠረች፣ ምድጃው ሥር ገባች።

ኦርቪል ባዶውን ክንዱን እንደታጠፈ ቆመ። "ኔልዳ!"

"መሬት ነካች" አለች ኔልዳ።

"ምን ማድረግሽ ነው? የመጨረሻዬ እኮ ነው! ሠላሳ አራት ዓመት!" ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዙሪያውን አየ፤ መስኮቱ ተዘግቷል። "ስሚኝ። ማንም አላየም።"

"እኔ አይቻለሁ።"

"አንቺማ ሚስቴ ነሽ!"

"የተሊ እናትም እናቱ ነበረች።"

ኔልዳ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ቆመች። አሁን አልሳቀችም። "ሠላሳ አራት ዓመት ብቻዬን ተቀምጬ አይቻለሁ፣ ኦርቪል። ዝናብ ሲዘንብም፣ ውርጭ ሲሆንም። የሰው ባል ከጎኑ አለ፤ የኔ ባል ጀርባው ነው የሚታየኝ። የመጨረሻዋን አብረኸኝ እንድታያት ፈለግሁ። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እዚያ ጠርዝ ላይ ከቆምክ ትጮሃለህ። ብትምልም ትጮሃለህ። ያ ልጅ ደግሞ ይጨፍናል።"

ኦርቪል ተናደደ። እውነት ስለሆነም ይበልጥ ተናደደ። እስከ ሜዳው ድረስ በመኪና ሲሄዱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አኮረፈ። እንደደረሰ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ለፔቲግሩ ሰጠው። ፔቲግሩ እንደ ኖራ ነጣ። "ኮች፣ ምን ላድርግ?" ሲለው ኦርቪል ብዙ ሊለው አሰበና "ከሁሉ በፊት አትጩህባቸው" ብሎት ወደ ብረቱ መቀመጫ ወጣ።

ሕዝቡ ሲያየው ቆሞ አጨበጨበ። እማማ ፈርን ከታችኛው ደረጃ ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ። "ማነው ያስጣለህ? እጇ ይባረክ!" አሉ። ኔልዳ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች። ለሁለት ሰው የሚበቃ መደገፊያ ይዛ እንደመጣች ኦርቪል ያኔ ነው ያየው። ሌላም ጊዜ ትይዝ እንደሆነ ሊጠይቃት ፈልጎ፣ ኩርፊያው ስላልለቀቀው ተወው።

ተመልካች መሀል መቀመጥ ለኦርቪል አዲስ ትምህርት ሆነበት። ከጀርባው ያሉት ሰዎች ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ "አንተ ደንቆሮ ሽማግሌ! ዕረፍት ጠይቅ እንጂ!" እያሉ ወደ ሜዳው ጠርዝ ይጮሃሉ።

"ማንን ነው ሽማግሌ የሚሉት?" አለ ኦርቪል ኩርፊያውን ረስቶ። "ፔቲግሩ እኮ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው።"

"ልምድ ሆኖባቸው ነው" አለች ኔልዳ።

ሦስት ጊዜ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ሦስቱንም ጊዜ ኔልዳ አንድ ጭብጥ ፈንዲሻ አጎረሰችው። ለካ ከዚህ ሲታይ ሜዳው ሌላ ነው። ከታች ሲቆም የሚያየው የልጆች ጀርባና የዳኛ ሆድ ነበር፤ ከዚህ ግን ማን እንዳነከሰ፣ የት ክፍት እንደሆነ ሁሉም ይታያል። ኔልዳ ደግሞ እያንዳንዱን ነገር ቀድማ ትናገራለች። "አሁን በቀኝ ይመጣሉ" ትላለች፤ በቀኝ ይመጣሉ። "ይኼ ልጅ ደክሟል" ትላለች፤ ልጁ ተቀይሮ ይወጣል። ኦርቪል ከጀርባው ማን ተቀምጦ እንደኖረ ገርሞት ሰረቅ እያደረገ ያያት ጀመር።

ሠላሳ ሰከንድ ሲቀር ካርቨር ዌልስ አርባ አምስት፣ ሩስተር ፍላት ሠላሳ ስምንት ሆኑ። ፔቲግሩ ልጆቹን ሰበሰበና አንድ ነገር ነገራቸው።

"ይዘው ይሩጡ እንጂ አይወርውሩ" አለ ኦርቪል ጥርሱን ነክሶ። "ከወረወሩም ወደ ተሊ አይሁን።"

"ተሊ ብቻውን ነው ያለው። ማንም አልጠበቀውም" አለች ኔልዳ።

ኳሷ ተወረወረች። ወደ ተሊ ነው። ልጁ ከመቀመጫው ሥር ባለው መስመር በኩል እየሮጠ ይመጣል፤ ኳሷ ከፍ ብላ ትወርዳለች። የኦርቪል አፍ ተከፈተ። "እጅህ" የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሳለች። ወደ ኔልዳ ዞር አለ፤ ኔልዳ በዚህ ጊዜ ፈንዲሻ አልያዘችም። ራሱ ቆቡን አውልቆ ነከሰ።

ተሊ ተዘረጋ። አውራ ጣቶቹ ተነካኩ። ዓይኖቹ በሰፊው ተከፍተዋል፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ግጥሚያ ኳስ ላይ ቁጥር አይጻፍም፤ ልጁ ግን የሆነ ነገር አነበበ። ኳሷ ጣቱ ላይ አረፈች፣ ብብቱ ውስጥ ገባች፣ እሱም የመጨረሻውን መስመር አልፎ አጥሩን ሊጥሰው ጥቂት ቀረው። ስድስት ነጥብ ተጨመረ፤ አርባ አምስት ለአርባ አራት።

ከዚያ ኳሷን በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ማሳለፍ ቀረ፤ በስድስት በስድስት ጨዋታ ይህ ሁለት ነጥብ ስለሆነ ካለፈች ያሸንፋሉ። ፔቲግሩ መትቶ የሚያስቆጥረውን ልጅ ጠርቶ በጣቱ አየር ላይ ማዕዘን እየሳለ ብዙ አስረዳው። ልጁ መታ። ኳሷ ከቋሚዎቹ ርቃ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ የአንዱ ሰው መኪና ላይ አረፈች። አለቀ። አሥረኛ ሽንፈት።

ኦርቪል ብድግ ብሎ ቆመና "አንተ ደንቆሮ ሽማግሌ!" ብሎ ወደ ፔቲግሩ ጮኸ። ሕዝቡ ዞሮ አየው። እሱም ምን እንዳለ ገብቶት ቁጭ አለ። ኔልዳ እጁን ይዛ በሳቅ ፈረሰች፤ እሱም ከሽንፈቱ ጋር፣ ከኩርፊያው ጋር፣ አብሯት ሳቀ።

ተሊ የራስ ቁሩን አውልቆ ወደ መቀመጫው እየሮጠ መጣ። ላብ በላብ ነው። ከሽቦው ማዶ ቆመና ወደ ላይ አንጋጠጠ። "ኮች! አዩኝ?"

በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ያልጠየቀው ልጅ የለም። ጥሩ ነገር የሠራ ሁሉ እየሮጠ መጥቶ "ኮች፣ አዩኝ?" ይለዋል፤ ኦርቪልም "አየሁህ" ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ አላየም። ያን ጊዜ ወይ ሰዓት እያየ ነው፣ ወይ ከዳኛ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው፣ ወይ የሚቀጥለውን ልጅ እየሰደበ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ለልጆች ሲዋሽ መኖሩን ያወቀው አሁን ነው።

"አየሁህ" አለ። ሊጨምርበት ፈለገ፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። ኔልዳ መሐረብ ሰጠችው።

ተሊ ግን ተጨማሪ አልጠበቀም። ዞሮ ወደ ጓደኞቹ እየሮጠ "አዩኝ! ኮች አዩኝ!" ይላል፤ የተሸነፈ ቡድን ልጅ አይመስልም።